የከፋውን ቀን ጻፊልኝ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ መድና፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ደብዳቤሽን የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ልጅሽ ራዲያ መታጨቷ ላይ ስደርስ ብቻዬን እልል ብዬ የጎረቤቴን በር አስከፈትኩ። አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት።

ኡስማን ከጌታሁን ምግብ ቤት ለምን ወጣ፣ አጥፍቶ ነው ወይስ ተበድሎ ብለሽኛል። ጌታሁን ደግ ሰው ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቤት ሲከፍት ወንድማችንን ሳህን አጣቢ አድርጎ የቀጠረው ጠባዩን ነግሬው፣ አውቆ ነው። ኡስማንም ጓዳ ውስጥ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እየደረደረ፣ ከማንም ሳይነጋገር ደስ ብሎት ከረመ። ኋላ ቤቱ ሰው በዛበት፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ አልተስማማውም። አሁን ቤት ሆኖ እያረፈ ነው። ከዚህ ሌላ የሚያሳስብሽ ነገር የለም።

ይልቅ አንድ ትልቅ ነገር ልንገርሽ። ሰርክ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ትንከባከባለች። አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ኡስማን ጆሮውን ይዞ፣ ጉንጩን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ ቆሞ አየችውና «ሃጂራ፣ ይሄ እኮ ስም አለው» አለችኝ። እሷው በመኪናዋ ወስዳን ሐኪም አየው። ስሙ ኦቲዝም ይባላል። አብሮ የሚወለድ ነው። ጅን አይደለም፣ እብደት አይደለም፣ እማማ በእርግዝናዋ ያየችው ነገርም አይደለም። እኔ ይህን ሰምቼ አለቀስኩ። ኡስማን «ይድናል?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ «ጉንፋን አይደለም፣ አንተው ነህ፤ አብሮህ ይኖራል» አለው። «ኦኬ» ብሎ የጣሪያውን መብራት ማየቱን ቀጠለ።

እዚህ አገር እንዲህ ላለ ሰው መንግሥት በየወሩ መተዳደሪያና የሕክምና ወረቀት ይሰጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ገንዘብ ስቀበል ስውል እሱ ብቻውን ነው። ጭንቅ ሲይዘው ግድግዳውን በጭንቅላቱ ይመታል። የሕንፃው ማናጀር አስጠንቅቃኛለች። ሶ፣ አፕላይ አደረግን። ቢሮ ውስጥ ያነጋገረችን ሴትዮ «ከሥራ የሚከለክልህ ምንድን ነው?» አለችው።

«የሚከለክለኝ የለም» አላት።

«ታዲያ ለምን አትሠራም?»

«አልቀጠሩኝም።»

እሷም ይህንኑ ጻፈች። ወንድማችን ውሸት እንደማያውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ዲናይድ ብለው መለሱልን፤ አልተፈቀደም ማለት ነው።

አሁን ድሆችን በነጻ የምትረዳ ጠበቃ አግኝተን ዳኛ ፊት ይግባኝ ልንል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ እንደነበረ፣ ሰው የሚችለውን እንደማይችል የሚመሰክር ያስፈልጋል ትላለች። እማማ ከሞተች ወዲህ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። እባክሽ ጻፊልን።

እህትሽ ሃጂራ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሃጅሬ፣ ወዓለይኩሙ ሰላም። የራዲያን ደስታ ስለተካፈልሽልኝ አላህ ያንቺንም ያሳየን። ልጁ የባቲ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ የተከበረ፣ ስለ ዘር ስለ አጥንት አጥብቆ የሚጠይቅ ነው። ሰርጉ ከጾም ፍቺ በኋላ ይሆናል ብለናል።

የጠየቅሽኝን ምስክርነት ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ኡስማን ቁርአን በልጅነቱ አንብቦ ጨርሶ እንዳኸተመ፣ የሰው ሐቅ እንዳልነካ፣ ሰው አምቶ እንደማያውቅ፣ ያየውን ነገር እንደማይረሳ፣ ጎረቤት ሁሉ ዕቃውን አምኖ እሱ ዘንድ ያስቀምጥ እንደነበር አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። «የማይችለውን ጻፊ» ያልሽውን ግን አልጻፍኩም። ሰው የገዛ ወንድሙን ገመና በፖስታ አይልክም። የፈረንጅ መንግሥት ደግ ከሆነ ደግነቱን ሰምቶ ይርዳው። ካልሆነም እንጀራና ሪዝቅ ከአላህ ነው።

ካንቺ ጋር ለምን እንደላክሁት ታውቂያለሽ፤ በደብዳቤ አይጻፍም። እዚህ ቢቀር ምን ያገኘው እንደነበር እኩዮቹን እያየሁ ሌት ተቀን አመሰግናለሁ። በሰላም እየኖረ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ እኔም የምጠይቅሽ አለኝ። እዚያ አቅራቢያችሁ ቶራንስ የሚኖረው የሀቢብ እናት ገበያ አግኝታኝ «የኡስማን እጁ ተሻለው?» አለችኝ። «የቱ እጁ?» ብላት ደንግጣ «ተሳስቼ ነው» ብላ ሄደች። ሃጅሬ፣ የቱ እጁ ነው?

መድና


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ቀኙ ነው።

«እያረፈ ነው» ብዬ ስጽፍልሽ እጁ ጄሶ ውስጥ ነበር። አሁን ጄሶው ወጥቷል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አይጨብጡም። የሆነው እንዲህ ነው። ምግብ ቤቱ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ቀን አንዱ አስተናጋጅ ሊያጫውተው ብሎ የደረደረውን ሳህን ደባለቀና ከኋላው አቀፈው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አላወቀም። ኡስማን ጮኸ፣ ነከሰው፣ ሳህኑን ሁሉ መሬት ላይ አወረደው። ከእንግዶቹ አንዱ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ «እጅህን አሳይ!» እያሉ ሲጮሁበት እሱ ጩኸቱን ፈርቶ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። ጌታሁን መሐል ገብቶ «አይሰማችሁም፣ እሱ እንዲህ ነው!» ቢል ማን ሰምቶት። መሬት ላይ ጥለው እጁን ወደኋላ ሲጠመዝዙት ተሰበረ። ማንም ስላልከሰሰው ለቀቁት። እኔ ስደርስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አልጋ ሰጥተውት «ሳህኖቹ መሬት ላይ ናቸው» ይል ነበር።

ያልነገርኩሽ እንዳታለቅሺ ብዬ አይደለም። ካንቺ እጅ ተቀብዬው ስለመጣሁ ነው።

የላክሽውን ምስክርነት ሰርክ ተርጉማ ጠበቃዋ አነበበችው። ስትጨርስ ፈገግ አለችና «እህትሽ በጣም ትወደዋለች» አለችኝ። ቀጥላም «ይህን ዳኛው ካየ ተሸነፍን» አለች። እትዬ፣ እኛ የተማርነው ገመናን መክደን ነው። እዚህ የሚረዳው ከድኖ የመጣ ሳይሆን ገልጦ ያሳየ ነው። «ይችላል» ያልሽበት ቃል ሁሉ በእሱው ላይ ይመሰክራል። ጠበቃዋ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «ደህናውን ቀን አትንገሩኝ። የከፋውን ቀን ንገሩኝ።»

ማናጀሯ ቤቱን እንድለቅ ወረቀት ሰጥታኛለች። እሱን ብቻውን ትቼ ሥራ መሄድ እፈራለሁ፤ ሥራ ካልሄድኩ የምንገባበት የለንም። ካንቺ ሌላ ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ቢፈርሙ ይበልጥ ይታመናል ብላለች። ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። የከፋውን ቀን ጻፊልኝ።

ሃጂራ


ደሴ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሃጂራ፣

ጻፍኩ። ደስ ይበልሽ።

አባባ በሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው መሐል ቆሞ «ሞቷል፤ ብትጮሁም አይሰማችሁም» ያለውንና ሰው በዱላ የተነሣበትን ጻፍኩ። ከጅን ያላቅቁልን ብለን የወሰድንበትን ቦታ ሁሉ፣ ያጠኑትን ጢስ፣ የገረፉትን ጻፍኩ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዘጋበት እንደነበር ጻፍኩ። ኒካሕ ልናስርለት በቀጠርንበት ዕለት ከቤት ጠፍቶ፣ አገር ሲፈልገው አድሮ፣ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ከሞተሩ ጎን ዱቄት ለብሶ ተኝቶ እንደተገኘ፣ የልጅቱ ወንድሞች ደጃችን ላይ የሰደቡንን ስድብ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። አንዱን ጽፌ ሌላው ሲመጣብኝ፣ ይህን ሁሉ የት አስቀምጬው ኖሯል አልኩ።

ቁርአን ያስቀሩት መምህሩ ሸህ አብዱልሰላምና ልብስ ሰፊው ጋሽ ግዛው አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ሸህ አብዱልሰላም አንብቤላቸው ስጨርስ «ልጄ፣ ይህን ለማን ብለሽ ነው?» አሉኝ። «ለእሱ» አልኳቸው። «እሱን ለመርዳት እሱን ማርከስ፤ ይህ ምን ዓይነት አገር ነው?» አሉና ፈረሙ። ጋሽ ግዛው ዝም ብሎ ፈረመ። ሚስቱ ግን አጠገቡ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ዝም አትልም።

የራዲያን ሰርግ ቀን ትጠይቂኝ ይሆናል። ለትንሽ ጊዜ ተላልፏል። የልጁ አጎት መንገድ ሄደው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ በእማማ አፈር። ይህ ወረቀት እሱ ባለበት እንዳይነበብ።

መድና


ሎስ አንጀለስ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣

እሱ ባለበት ተነቧል። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ፤ ከፈለግሽ ቀሪውን አታንብቢው።

ጠበቃዋን «ውጭ ይቆይልኝ» ብዬ ለምኛት ነበር። እሷም ጠየቀች። ዳኛው ግን «የራሱ ጉዳይ ነው፤ የሚባልበትን መስማት መብቱ ነው» አለ። በክፋት አይደለም ያለው፤ ሽማግሌ ነው፣ ለኡስማን ውኃ አስቀርቦለታል። ጎኑ አንድ ሐበሻ አስተርጓሚ አስቀመጡለት። ጠበቃዋ ደብዳቤሽን በእንግሊዝኛ ስታነብ ሰውዬው መልሶ በአማርኛ በጆሮው ያንሾካሹክ ነበር። ለቅሶውን፣ ግርፋቱን፣ ጓዳውን፣ አንድም ሳይቀር ሰማ። አልተነሣም፣ አልጮኸም። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነበር።

ሲያልቅ ዳኛው «ኡስማን፣ እህትህ የጻፈችው እውነት ነው?» አለው።

«እውነት ነው» አለ። «ወፍጮ ቤት ግን ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

ቀጥሎ እኔን አስማሉኝ። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ በአላህ ስም እውነቱን ልናገር ማልኩ። ጠበቃዋ ምን እንደምትጠይቀኝ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ብዙውን መልሻለሁ፣ ልብሱን፣ ምግቡን፣ ጭንቁን። መጨረሻ ላይ «ከእሱ ጋር መኖር ላንቺ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ከባድ ነው» አልኩ። «ምን ያህል?» አለች። ያን ጊዜ ጠበቃዋ የከፋውን ንገሪኝ ያለችው ብቻ በጆሮዬ አለ። ቤቱም አለ፣ የማናጀሯም ወረቀት አለ። «አንዳንድ ቀን ምነው ባልኖረ እላለሁ» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህንንም አንሾካሾከለት። እትዬ፣ ኡስማን የሰው ዓይን እንደማያይ ታውቂያለሽ። ያኔ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ዳኛው ጽፎ ጨረሰና አመሰገነን።

ስንመለስ ሰርክ ነበረች ድራይቭ ያደረገችው። ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። ኡስማን ከኋላ ሆኖ «ሰው ምሎ ሲናገር ውሸት አይናገርም አይደል?» አለኝ። «አይናገርም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ «ውኃ»፣ «እሺ»፣ «በቃኝ» ካልሆነ ከአፉ ቃል አልሰማሁም። ውሳኔው በፖስታ ይመጣል ብለዋል።

የልጁ አጎት ከመንገድ ተመለሱ ወይ? ስለ ራዲያ ሦስት መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም።

ሃጂራ


ደሴ፣ መስከረም 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሃጅሬ፣

አጎትየው የትም አልሄዱም። የባቲ ሽማግሌዎች ክረምቱ ሳይገባ መጥተው ቃላቸውን አንሥተዋል። በአክብሮት ነው ያነሡት፤ ያቀረብኩላቸውንም በልተው ሄዱ። አንደኛው ሲወጣ «ቢነግሩን ኖሮ ምናልባት...» ብሎ ሳይጨርሰው ጫማውን አጠለቀ። ከማን ሰሙ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለማስፈረም ያነበብኩት እኔው ነኝ። ራዲያ አልወቀሰችኝም። ስፌቷን ይዛ ትውላለች። አንድ ቀን ብቻ «አጎቴ ተፈቀደለት?» አለችኝ። ውሳኔው ሲመጣ ቶሎ አሳውቂኝ።

ዳኛው ፊት ያልሽውን በተመለከተ ልፈርድብሽ አልችልም። እኔም ብሆን ወረቀት ላይ ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁለታችንንም ሰማን ማለት ነው። ካንቺ ከአንደበትሽ፣ ከእኔ በሰው አፍ።

ለእሱ የጻፍኩት ትንሽ ደብዳቤ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ አሽጌዋለሁ። አንቺም አታንብቢው። በእጁ ስጪልኝ።

መድና


ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 16 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ መድና፣

መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ፖስታም ጠፍቶ አይደለም። ለራዲያ ንገሪያት፤ ተፈቅዷል። «ሙሉ በሙሉ ተፈርዶላችኋል» ይላል ወረቀቱ። ጠበቃዋ ስልክ ላይ በደስታ ጮኸች። ሰርክ ኬክ ይዛ መጣች። ጌታሁን ምግብ ቤቱን ዘግቶ ከነቤተሰቡ መጣ። ኡስማን ኬኩን አልቀመሰም።

«ታዲያ አሁን ደስ አለው ወይ?» ብትዪኝ፣ ከኔ ጋር አይኖርም።

ወረቀቱ እንደመጣ አንዲት ሶሻል ወርከር ከመንግሥት ቢሮ ቤት ድረስ መጥታ አነጋገረችው። «የት መኖር ትፈልጋለህ?» አለችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «ከእህቴ ጋር» ይላል ብዬ አንድም አልተጠራጠርኩም። «ሃጂራ ባልኖር ብላለች» አላት፣ «ሌላ ቦታ ካለ እዚያ እኖራለሁ።» እንደ ቂም አይደለም የተናገረው፤ የአውቶቡስ ቁጥር የሚናገር ይመስል ነበር። ለሴትዮዋ ነገሩ እንዲህ አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «ኦኬ፣ ግን እሱን ነው የጠየቅሁት» አለችኝ። ሻንጣውን ራሱ አዘጋጀ። ከዚያ በፊት ሸሚዝ እንኳ አጣጥፎ አያውቅም፤ እኔም ለዳኛው አይችልም ብዬ ነበር።

አሁን ቫን ናይስ ውስጥ እንደ እሱ ያሉ፣ የታመሙም ወንዶች አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው። ባለቤቲቱ ንጹሕ ሴት ናት። ግን ጎኑ የሚተኛው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮ ይከፍታል። ኡስማን ሲጨንቀው ኪኒን ይሰጡታል፤ ኪኒኑ ምላሱን አስሮበታል፣ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ማናጀሯ ቤቱን እንዳልለቅ ፈቅዳልኛለች፤ ግድግዳ የሚመታ ስለሌለ።

እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። በር ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠን መንገዱን እናያለን። ባለፈው ግን ድንገት «የትኛው ቀን ነበር?» አለኝ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ምነው ባልኖረ ያልሽው ቀን። አንዳንድ ቀን ብለሻል። የትኛው ነው?»

ልዋሽ ነበር። ከእሱ ፊት ግን ውሸት አይወጣልኝም። «ፖሊሶቹ የመጡ ቀን» አልኩት። «ሆስፒታል ደርሼ እንደዚያ ሆነህ ሳይህ።»

«ያ ቀን ለእኔም ከባድ ነበር» አለኝ።

አለቀስኩ እትዬ። «ተነሥ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩት። «ለዳኛው ስነግረው ያልኩት ሁሉ ልቤ አልነበረም፤ ቤት እንዳናጣ ብዬ ነው።» ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ምለሽ ነው የተናገርሽው» አለ።

ያንቺን ደብዳቤ ያን ቀን ይዤለት ሄጄ ነበር። «መድና ጻፈችልህ» ብዬ ስዘረጋለት አየው እንጂ አልተቀበለኝም።

«ለዳኛው ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ላንተ ነው፣ ላንተ ብቻ።»

«ለእኔ ከሆነ ለምን አንቺ ጋ መጣ? እኔ እዚህ ነኝ።»

ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንሥቶ ወንበሩ ላይ አኖረው፣ ገባና በሩን በቀስታ ዘጋው። ስለዚህ ይዤው ተመልሻለሁ። አልከፈትኩትም፤ እንደታሸገ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቫን ናይሱን አድራሻ ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ፤ አዲስ ፖስታ ላይ እንዳለ ገልብጠሽ በቀጥታ ለእሱ ላኪው። የኔን ስም አታግቢበት።

ሃጂራ